ክቡር አትንኩብኝ እና አዲሱ ሃርድ ዲስክ

የማመልከቻ ጸሐፊው ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ባለ አንድ መስኮት ቢሯቸውን ይከፍታሉ፤ ኮምፒዩተሩን ያበሩና እሱ እስኪነቃ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፤ ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሰው አቤቱታ ይጽፋሉ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። እሑድ አይሠሩም፤ ይመጣሉ እንጂ።

ኮምፒዩተር ያለው የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ ፋይሉን ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ እና ሁሉንም ዴስክቶፑ ላይ የሚያሰጣ። ሁለተኛውን ወገን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ አለ፤ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ ቀድሞ የተቀጠረ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅና ሁሉም የሚፈልገው ሰው ነው። ስክሪኑ የዝናብ ማግሥት የልብስ ገመድ ይመስላል። ያየው ሁሉ እጁን ይበላዋል፤ "ላስተካክልልህ?" ይላል። መልሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፦ "አትንኩብኝ፤ ያለበትን አውቀዋለሁ።" የሚያናድደው ደግሞ እውነትም ማወቁ ነው።

የእኛ ማመልከቻ ጸሐፊ የዚህ ወገን ቁንጮ ነበሩ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴት፣ የችሎት ተላላኪዎቹ፣ አንዳንድ ጠበቆችም ከኋላቸው "ክቡር አትንኩብኝ" ይሏቸዋል። ፊት ለፊት ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። እሳቸው ሁለቱንም ሰምተዋል፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጡ ተጠይቀው አያውቁም፤ ቢጠየቁ ግን የመጀመሪያውን ሳይሉ አይቀሩም።

በዴስክቶፓቸው ላይ ስድስት መቶ አርባ ሁለት ፋይሎች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብረው ይኖሩ ነበር። ከፋይሎቹ ሥር ፎቶግራፍ አለ፤ የጋሼ ቤተሰብ ከሃያ ዓመት በፊት በአባታቸው ቤት ደረጃ ላይ፣ ገሚሱ ቆሞ ገሚሱ ተቀምጦ የተነሣው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው። ለሌላው ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ጌጥ ነው፤ ለጋሼ ግን መዝገብ ቤት ነበር። የድንበር ክርክር በእህታቸው ባል ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ ሰፊ ነውና። ፍቺ በአክስታቸውና በአክስታቸው ባል መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የታላቅ ወንድማቸውን ትከሻ ይዟል። መጥፋት የሌለበት ወረቀት ደግሞ በእናታቸው ጭን ላይ ያርፋል፤ እናታቸው በሕይወት ሳሉ የያዙትን የሚለቁ ሴት አልነበሩም።

አንድ ጠበቃ ከችሎት ደጃፍ ደውሎ "ጋሼ፣ የዚያ የጋራዡ ሰውዬ ቃለ መሐላ ይኖራል?" ሲል፣ "ከወንድሜ ኮሌታ ሥር ነው፤ ቆየኝ" ይላሉ። ሁለት ጊዜ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ቃለ መሐላው ይወጣል። አንድ ጊዜ ሰዓት የያዘ ሰው አሥራ አንድ ሴኮንድ ቆጥሯል። ፎልደሮቻቸውን በዓመት፣ በወርና በቀለም የከፋፈሉ ጠበቆች ይህን አይተው ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ፍለጋቸውን ይቀጥላሉ።

ፋይሎቹ ስም የላቸውም። ስካነሩ በሰጣቸው ቁጥር ይኖራሉ፦ ስካን0041፣ ስካን0042፣ እንዲህ እያለ። ስካነሩ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት፣ ሦስት ፋይሎች እንደ ሞክሼ ልጆች ቅንፍ ውስጥ ሁለት፣ ቅንፍ ውስጥ ሦስት እየተባሉ ይለያሉ። ቀኑም ቢሆን አይረዳም። የአሮጌው ኮምፒዩተር የሰዓት ባትሪ ከሞተች ዘመን አልፏል፤ ማሽኑ በየማለዳው ሲነቃ ዕለቱ እሱ የተሠራበት ዓመት የመጀመሪያ ቀን እንደሆነ በቅንነት ያምናል። በዚህ ስሌት የጋሼ ባለጉዳዮች በሙሉ በአንድ ቀን ተበድለው በአንድ ቀን አቤት ብለዋል። "ባትሪው ይቀየርልዎት" ያሏቸውን ሁሉ፣ "ቀኑን እኔ አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል" ብለው ሸኝተዋል።

ሥርዓቱ አሥራ ሰባት ዓመት ሠራ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩ መንኳኳት ጀመረ።

ጋሼ ሕመሙን ለሦስት ሳምንት የሬዲዮ ድምፅ ከፍ በማድረግ አከሙት። በአራተኛው ሳምንት የእህታቸው ልጅ፣ የዚያ ሰፊ ሆድ ባለቤት ሴት ልጅ፣ ሰላም ልትላቸው ጎራ ብላ ሰማችው። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ የኮምፒዩተር ምህንድስና ተምራ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ተመርቃለች፤ ይህንንም ያላወቀ ሰው ከእሷ ጋር ሩብ ሰዓት ከተቀመጠ ያውቀዋል። ጋሼ "ኢንጂነር" ነው የሚሏት፤ ገሚሱ ኩራት ነው፣ ገሚሱ ነገር።

"ጋሼ፣ ይኼ ዲስክ ሊሞት ነው" አለች፣ ጆሮዋን ከማሽኑ ሳታነሣ።

"ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ?"

"በዲስክ ዕድሜ ከእርስዎ ይበልጣል።"

"እንግዲያው ይሥራ። እኔስ እየሠራሁ አይደለም እንዴ?"

አንድ ሳምንት ተከራከሩ። በመጨረሻ ጋሼ አዲስ ኮምፒዩተር ገዙ፤ ለመግዛት የተስማሙት ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ፋይሎቹ ካሉበት እንዳይነቃነቁ፤ እሱንም ከልማዳቸው ውጭ በቃል አስገቡት።

"ፋይል እየመረጥን አናዛውርም" ብላ አስረዳቻቸው። "ክሎን አደርገዋለሁ። ዲስኩን እንዳለ፣ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ፣ ወደ አዲሱ እገለብጠዋለሁ። አንድ ፀጉር አይጎድልም።"

"ያሉበትን ቦታ ሳይለቁ?"

"ሁሉም እንዳለ።"

"በማን ስም ትምያለሽ?"

"በእኔ ስም። አንደኛ የወጣሁት በልመና አይደለም፣ ጋሼ።"

ቅጅው የተካሄደው እሑድ ከሰዓት ነው። ልጅቱ ሁለቱን ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ በገመድ አገናኘቻቸው፤ በስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች፤ ጋሼም ወንበራቸውን አስጠግተው መስመሯን ይጠብቁ ጀመር። ማንም ሳይጠይቃቸው በየጊዜው ፐርሰንቱን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር፤ ችሎት ላይ የምስክር ቃል እንደሚያነብ ጸሐፊ። ስልሳ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። አርባ ደቂቃ ቆመ።

"አይዞህ" አሉት ጋሼ አሮጌውን ዲስክ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

"አይሰማም እኮ፣ ጋሼ።"

"አንቺን ነው የማይሰማሽ።"

ስልሳ ሁለት ሆነ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መስመሯ ዳር ደረሰች፤ አሮጌው ዲስክ ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። "ሥራውን አስረክቦ ነው የሄደው" አሉ ጋሼ፤ ተነሥተውም በጋዜጣ ይጠቀልሉት ጀመር። ልጅቱ በዚያች ሰዓት በአዲሱ ማሽን ላይ አንድ መስኮት ከፍታ ፋይሎቹን ቆጠረች፤ ስድስት መቶ አርባ ሁለት ነበሩ፣ ስድስት መቶ አርባ ሁለት ናቸው። መስኮቱን ዘጋች፤ አጠፋች፤ እጇን ታጥባ ወደ ቤቷ ሄደች። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለውን ዴስክቶፕ ማየት በፈተና የሚጠየቅ ነገር አይደለምና አላየችውም።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ክቡርነታቸው አዲሱን ኮምፒዩተር አብርተው መነጽራቸውን አወለቁ። የመጀመሪያውን መስታወት ወልውለው ሳይጨርሱ ማሽኑ ነቅቶ ይጠብቃቸው ነበር፤ ይህ ራሱ ቅር አሰኛቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አዩ።

ፎቶው አለ። አሥራ ዘጠኙም ሰዎች አሉ። ፋይሎቹ ግን ከየሰዉ ትከሻና ግንባር ላይ ተነሥተው፣ ከስክሪኑ ግራ ጫፍ ጀምሮ በየቁጥራቸው ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። አዲሱ ስክሪን ከአሮጌው እጥፍ ይሰፋል፤ እንግዳ ስፋት ያየው ኮምፒዩተር ደግሞ ማንም ሳያዘው ሁሉንም በፊደልና በቁጥር ተራ አሰልፎ ነበር። ዲስኩ ያለ እንከን ተገልብጧል። አንድ ፀጉር አልጎደለም። ቤተሰቡ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክሙን አራግፎ፣ ባዶ ፊቱን ወደ ጋሼ አዙሮ ይመለከታቸዋል። የእህታቸው ባል ሆድ ንጹሕ ሸሚዝ ነው። አክስታቸውና ባላቸው መካከል ያለው ክፍተት ክፍተት ብቻ ነው። የእናታቸው ጭን ባዶ ነበር።

ስልክ አነሡ።

"ኢንጂነር" አሉ፤ "ቤተሰቡ አለ፤ ጉዳዩ የለም።"

ልጅቱ ከመሥሪያ ቤቷ እስክትወጣ ምሳ ሰዓት ሆነ። ከእሷ በፊት ልብስ ሰፊዋ ደረሰች።

ልብስ ሰፊዋ ሃምሳ ዓመት ሊሆናት ነው፤ የምትሠራው ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። እሷም ደንበኞቿም የሚወጡ የሚገቡት በግቢው ውስጥ በሚያልፍ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። የድሮው የግቢው ባለቤት መተላለፊያው እንዳይዘጋባት በሁለት ቅጂ ፈርመውላት ነበር፤ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለቤቱ ሰነድ። እሳቸው ሞቱ፤ ግቢው ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤት መተላለፊያውን በግንብ ሊዘጋ ብሎኬት አስደርድሮ፣ "እንዲህ ያለ ወረቀት አላውቅም" ይላል። የእሷ ቅጂ ባለፈው ክረምት ቧንቧ ፈንድቶ ሊጥ ሆኗል። እሷም ከሰሰች፤ ዳኛዋ ቢያንስ ቅጂውን ለሐሙስ ሦስት ሰዓት እንድታቀርብ አዘዋታል። ከስድስት ዓመት በፊት ደግሞ ለመብራት ቆጣሪ ማመልከቻ ስታስጽፍ፣ ጋሼ ያቺን ወረቀት ስካን አድርገዋታል። በዓለም ላይ የቀረችው መንገዷ እሷ ናት።

"ጋሼ፣ ያቺን ወረቀት ያትሙልኝ ብዬ ነው" አለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ።

"አለች።"

"የት?"

"እናቴ ጋ።"

"እናትዎ... ሞተው የለ?"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

ጋሼ ስክሪኑን ያያሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ጋሼን ታያለች። "ከጠፋች እኮ ሐሙስ ከሰዓት ግንቡ ይቆማል" አለች በመጨረሻ። "እኔ ስፌት መኪናዬን በመስኮት ላወጣ ነው። መስኮቱ ደግሞ እንኳን መኪና፣ እኔንም አያሳልፍ።"

"አልጠፋችም።"

"ታዲያ ያትሟታ።"

"ያለችበትን አላውቅም" አሉ ጋሼ።

ይህን ዓረፍተ ነገር በዚያ ቢሮ ውስጥ ተናግረውት አያውቁም ነበር። ከአንደበታቸው ሲወጣ ድምፁ ሌላ ሰው የተናገረው መሰላቸው፤ ወደ በሩም ዞር ብለው አዩ።

ልጅቱ ስትመጣ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች፤ የምታውቀውም ቀላል አይደለም። ፋይሎቹን በቀን አሰለፈቻቸው፤ ሁሉም አንድ ቀን ላይ የተወለዱ ሆኑ። በቃል ፈለገች፤ ስካኖቹ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደሉምና አንዲት ቃል አልመለሱም። አሮጌውን ስክሪን ከጥግ አምጥታ ሰካች፤ ፋይሎቹ አንዴ ሰልፉን ለምደዋል። አሮጌውን ዲስክ ከጋዜጣው ፈትታ ሞከረች፤ ጋሼ እንዳሉት ሥራውን አስረክቧል። በትንንሽ ሥዕል አድርጋ ደረደረቻቸው፤ ስድስት መቶ አርባ ሁለት ነጭ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ከግርጌው አንድ ክብ ማኅተም ያለው፣ ገሚሱ የተዘቀዘቀ።

"ቅጅው ትክክል ነው፣ ጋሼ" አለች ፊቷ ቀልቶ። "ችግሩ የስክሪኑ ስፋት ነው።"

"ቅጅውን መች ጠየቅሁሽ? የጠየቅሁሽ ቦታውን ነው።"

"ሁሉም እንዳለ ነው ያልኩዎት..."

"በስምሽ ነው ያልሽኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። "እኔ እንግዲህ ሥራ አለኝ" አለች፤ "መንገድ እስካለኝ ድረስ ልግባበት።" ተነሥታ ሄደች። ከስድብ ሁሉ ይህ የባሰ ነው።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ አንድ በአንድ መክፈት። ልጅቱ ከመሥሪያ ቤቷ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ ማውሱን ያዘች። ጋሼ ከጎኗ ተቀመጡ። ወረቀቱ ሲወጣ ጋሼ ማንነቱን ይናገራሉ፤ ልጅቱ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። በስሌቷ መሠረት ለአንድ ፋይል ግማሽ ደቂቃ ቢበቃ፣ ማክሰኞ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሳሉ። ስሌቱ ጋሼን አላስገባም።

"አሃ" ይላሉ ጋሼ። "ይቺ የዳቦ ጋጋሪው ናት። ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቶ የወንድሙን ግብር ሰባት ዓመት የከፈለው። ወንድምየው ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው..."

"ጋሼ።"

"እየመጣሁ ነው። ወንድምየው፣ 'ያንተ ፊደል ይሻላል፤ በዚያው ቀጥል' አለው።"

ሰኞ አመሻሽ ላይ ሠላሳ አንድ ፋይል አይተው ነበር። ልጅቱ በስልኳ አሰላችና በዚህ አያያዝ የሚጨርሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን አሳወቀች። ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ደንብ ወጣ፦ ታሪክ ክልክል ነው። የሚፈቀደው "እሷ ናት" ወይም "አይደለችም" ብቻ።

ጋሼ ደንቡን አከበሩ። የከበደው ያኔ ነው። ታሪክ ሲከለከሉ ወረቀቶቹ ሁሉ ይመሳሰሉባቸው ጀመር። ሦስት ጊዜ "እሷ ናት" አሉ፤ ሦስቱም አልነበረችም፤ አንዷ የውሻ ክትባት ወረቀት ሆና ተገኘች። ዝም ብለው አጎንብሰው ሲያዩ አሥር ዓመት ጨምረው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ማውሱን ለቀቀች።

"ደክሞዎታል፤ እንረፍ" አለች። ወደ ፎቶው ዞረች። እሷ ከፊት ረድፍ መሬት ላይ የተቀመጠችው፣ ጉልበቷ የተላጠ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። "በእኔስ ላይ ምን ነበር የሚያስቀምጡት?"

"ያለቀላቸውን።"

"ማለት?"

"ጉዳዩ አልቆለት፣ ደስ ብሎት የሄደን ሰው። ሕፃን ላይ ክርክር ይጫናል እንዴ?"

ልጅቱ ማውሱን እንደገና ያዘች። "እሺ" አለች፤ "ታሪኩን ይንገሩኝ። ግን አጭር።"

አጭር የሚባል ነገር በዚያ ቢሮ ተጽፎ አያውቅም። ቢሆንም ዓይናቸው ተመለሰ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የነርሷን ዝውውር፣ የሁለት ጎረቤታሞችን የአንድ ዛፍ ጥላ፣ አራት ጊዜ ተፋትተው አምስት ጊዜ የተጋቡትን ባልና ሚስት አለፉ። ልጅቱ በመሐል መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋን ሳል አስመሰለችው፤ ጋሼ ውኃ አቀረቡላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስካን0217 ቅንፍ ውስጥ ሁለት ወጣ።

"የቁልፍ ሠሪው!" አሉ ጋሼ። "የገዛ ቤቱ ቁልፍ ተቆልፎበት፣ ሰብሮ ሲገባ ጎረቤት ሌባ ብሎ ያስያዘው። ተናግሮ ማባራት አቅቶት፣ እዚህች ወንበር ላይ አንድ ሰዓት አለቀሰ። ወረፋው እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደርሶ፣ ያቺ ልብስ ሰፊ እንኳ በር ላይ ቆማ፣ 'ጋሼ፣ እሱ እስኪያበቃ እኔ አንድ ቀሚስ እጨርስ ነበር' ያለችኝ ያን ዕለት..."

የልጅቱ እጅ ቆመ። "ከማን ቀጥላ ገባች?"

"ማን?"

"ልብስ ሰፊዋ፣ ጋሼ። ያን ዕለት።"

"ከሱ ቀጥላ ነዋ። ቆጣሪዋን ልታስገባ..."

ስካን0218 ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ፍቺ ነው። ሁለተኛው የተገለበጠ ነበር፤ ልጅቱ አዞረችው። የድሮው ባለቤት ፊርማ አለበት፤ የልብስ ሰፊዋ ስም አለበት፤ "መተላለፊያው በማንኛውም ጊዜና በማንም እንዳይዘጋ" የሚል መስመር አለበት። ጥግ ላይ ደግሞ፣ ወረቀቷ እንዳትንሸራተት ይዟት አብሮ የተነሣ፣ የአንድ ትልቅ ሰው አውራ ጣት አለ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉት። ልጅቱ ፋይሉን አምስት ቦታ ገለበጠችው፤ ሁለት ፍላሽ ላይ፣ ስልኳ ላይ፣ ኢሜይሏ ላይ፣ አሮጌው ስልኳ ላይም። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወሉ። "ተገኘሁ" አሉ ጋሼ፤ "ተገኘች" ለማለት ፈልገው መሆን አለበት፤ ማንም አላረማቸውም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛዋ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩ።

"ይህ ጥግ ላይ ያለው ጣት የማን ነው?"

ጋሼ ከኋለኛው ወንበር ተነሡ። "የእኔ ነው፣ ክብርት ዳኛ።"

"ምን ያደርጋል እዚህ?"

"ወረቀቷን ይዟል።"

"ይቀመጡ" አሉ ዳኛዋ፤ ጎንበስ ብለው ጻፉ። አዲሱ ባለቤት በእጁ ያለውን ቅጂ እንዲያቀርብ፣ እስከዚያ መተላለፊያው ላይ አንዲት ብሎኬት እንዳታርፍ አዘዙ። የአዲሱ ባለቤት ጠበቃ ወደ ደንበኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ ተነጋገረና፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በቤቱ ሰነድ መሐል ሊኖር እንደሚችል ደንበኛው አሁን ትዝ እንዳለው ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ በደረጃው ላይ ጋሼን ስትሰናበት፣ "ጣትዎን እናመሰግናለን" አለቻቸው፤ ከዚያ የሚጠብቃት ሥራ ነበርና በመንገዷ ገባች።

ልጅቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለአጎቷ ሐሳብ አቀረበች፦ ለእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ፎልደር። ጋሼ "እናስብበታለን" አሉ። በማመልከቻ ቋንቋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ አይደለችም፤ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ግንባራቸውን ስማቸው ሄደች።

ዓርብ ዕለት ባለጉዳይ ቀነሰ። ጋሼ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ የሚከለክላቸው በሌለበት፣ ከቆሙበት ከስካን0218 ቀጥለው የቀሩትን ያዩ ጀመር፤ ሥራ ብለው አይደለም፣ ደስ ብሏቸው ነው። የጋራዡን ሰውዬ አገኙት። ሁለቱን መንታ መምህራን አገኟቸው። ከዚያ አንድ የጉርድ ፎቶ ያለበት ወረቀት ወጣ። ሰውየው ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮሌታውን እስከ ላይ ቆልፎ፣ አምኖ የሚያይ ዓይን አለው። ጋሼ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ስሙን አነበቡ፤ ስሙም አላመጣም። የቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ምን እንደተበደለ፣ በሩን ሲወጣ ምን እንዳለ፣ አንዱም የለም። ማለፍ ፈልገው አልቻሉም። ብዙ ቆይተው አለፉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች ተገኙ። ጋሼ በወረቀት ላይ አሥራ አንድ መስመር አሰመሩ፤ በመስመሮቹ ላይ የሚጽፉት አልነበራቸውም። አሥራ አንድ ሰው፣ "ያለኝ ማስረጃ ጋሼ ዘንድ አለ" ብሎ፣ ተማምኖ እንቅልፉን ይተኛል። ጋሼ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሰው የሚያልፍበትን መንገድ አዩ፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

በሌላው ሰው ጉዳይ አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ የሚበቃቸው ሰው በዚህኛው ላይ ሁለት ሰዓት ፈጁ። ስድስት ጊዜ ሰረዙ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አትመው፣ ማኅተማቸውን አሳርፈው፣ በሩ ላይ በዓይን ልክ ለጠፉት፤ ለእህታቸው ልጅም ደውለው ከሰኞ ጀምሮ ስድስት መቶ አርባ ሁለቱም ወረቀቶች ለየባለቤቶቻቸው ታትመው እንዲሰጡ መወሰናቸውን፣ እሷም የማተሚያ ቀለም ይዛ እንድትመጣ አስታወቁ። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦

"ከዚህ ቀደም በዚህ ቢሮ ጉዳያችሁን ላስጻፋችሁ ሁሉ። ወረቀቶቻችሁ በእጄ ይገኛሉ። መጥታችሁ ቅጂያችሁን እንድትወስዱና በየቤታችሁ እንድታስቀምጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስትመጡ ባላውቃችሁ አትቀየሙኝ። ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያው ንገሩኝ።"